ኮርኒስ ውስጥ የሚያንኳኳው ማን ነው?

ኤሲያችሁ መጮህ ሲጀምር ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት ፊልተሩን አውጥታችሁ እዩት። ይህን ምክር ሁሉም ይሰጣል፤ ልክም ነው። ግን ብዙ ሰው ፊልተሩን አጥቦ መልሶ ካስገባ በኋላ ጩኸቱ አልቆም ሲለው ግራ ይገባዋል። ያኔ ነው «ዳክቱ (አየሩ የሚሄድበት የላሜራ መተላለፊያ) ይቀየር»፣ «ሞተሩ አርጅቷል»፣ «ኮርኒሱ ይቀደድ» የሚባለው ነገር የሚመጣው። እኛም ቤት መጥቶ ነበር። ሳንቀድና ሳንቀይር እንዴት እንደተወጣነው ልንገራችሁ።

ቤተሰባችን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለው። ክፍሎቹ ውስጥ ያሉት ኤሲዎች ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት፣ ሁላችሁም የምታውቋቸው ናቸው። ምድር ላይ ያለው አዳራሽ ግን ለየት ይላል። ምርቃት፣ ክርስትና፣ የዕቁብ ስብሰባ ስለሚደረግበት ሰው ይበዛበታል። እዚያ ማሽኑ ኮርኒስ ውስጥ ነው ያለው። አየሩ በላሜራ ዳክት እየሄደ በአራት ማስወጫዎች ወደ አዳራሹ ይወርዳል። የአዳራሹ አየር ደግሞ ኮሪደሩ አጠገብ ባለ አንድ የአየር መሳቢያ ቀዳዳ በኩል ተመልሶ ወደ ማሽኑ ይገባል። ፊልተሩ የተቀመጠው እዚህ መሳቢያ ላይ ነው። ይህን የአየር ዙሪት ያዙልኝ፤ የሚቀጥለው ሁሉ የሚያጠነጥነው እሱ ላይ ነው።

ማሽኑ በመጋቢትና በሚያዝያ ያቀዘቅዛል፤ በታኅሣሥና በጥር ማታ ደግሞ ያሞቃል። «ባሕር ዳር ላይ ማሞቂያ ለምኑ?» የሚል አይጠፋም። የታኅሣሥን ሌሊት ሐይቁ ዳር አምሽቶ የማያውቅ ሰው ነው። ቀን በሸሚዝ የዋለ ሰው ማታ ጋቢ ይፈልጋል። ለጥምቀት የሚመጡ እንግዶቻችን «ቆላ ነው ብለን ሹራብ አልያዝንም» እያሉ ብርድ ልብስ ያስጨምራሉ።

ጩኸቱ የጀመረውም በዚያው በብርዱ ሰሞን ነው። ማሽኑ ሲነሳ ኮርኒሱ ውስጥ «ዱም!» ይላል። ሲጠፋም «ዱም!» ይላል። መሐል ላይ ደግሞ ቀጭን ፉጨት አለ። አንዲት እናት ከፎቅ ወርደው «ልጄ፣ እዚህ ቤት ጠበል አስረጩበት» አሉኝ። የምራቸውን ነበር።

የጠራነው ባለሙያ ከታች ቆሞ አዳመጠ። ላሜራው ቀጭን ስለሆነ ዳክቱ በሙሉ በወፍራም ይቀየር አለ። ዋጋውን ስሰማ ጠበሉ ረከሰብኝ። ሰውዬው ስለ ላሜራው የተናገረው ውሸት አይደለም፤ በእርግጥም ቀጭን ነው። ግን ሲገጠምም ቀጭን ነበር። ያኔ ለምን አልጮኸም?

ይህን ጥያቄ የጠየቁት ጎረቤታችን ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። በ1950ዎቹ ሥራ በጀመረው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜያቸውን ፈጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ክር በሚፈተልበት አዳራሽ አየሩ ከደረቀ ክር ይበጠሳል። የጥጥ ብናኝ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይነሳል። ስለዚህ እርጥበቱንና ብናኙን የሚቆጣጠሩ ትልልቅ ማራገቢያዎች፣ ማጣሪያዎችና የአየር መተላለፊያዎች አሉ። ጋሼ ይሠሩ የነበሩት እነሱ ላይ ነው። ማንም ሳይጠራቸው፣ ድምፁን በአጥር በኩል ሰምተው መጡ።

«መቼ ነው የሚጮኸው?» አሉኝ።

«ሁልጊዜ ነው ጋሼ።»

«ሁልጊዜ የሚባል የለም። ሲነሳ ነው? ሲጠፋ ነው? ወይስ እየሠራ?»

ለካ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። የዳክት ድምፅ ምን ዓይነት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚሰማ ማወቅ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል። ሲነሳና ሲጠፋ ብቻ «ዱም» የሚል ከሆነ ላሜራው እየተነፋ ወይም ወደ ውስጥ እየተሳበ ነው። የዘይት ቆርቆሮ ሆዱን በአውራ ጣታችሁ ስትጫኑት ገብቶ፣ ስትለቁት «ቧ» ብሎ እንደሚመለሰው ማለት ነው። አየሩ የሚሄድበት ቦታ ሲያጣ ጉልበቱን ላሜራው ላይ ያሳርፋል። ማራገቢያው ሲቆም ላሜራው ወደ ቦታው ይመለሳል። ማሽኑ እየሠራ ሳለ ያለማቋረጥ የሚያፏጭ ከሆነ ደግሞ አየሩ በጠባብ ቀዳዳ በፍጥነት እያለፈ ነው። ሁለቱም የሚነግሯችሁ አንድ ነገር ነው፤ መንገዱ ጠቧል።

ከዚያ ጋሼ ፊልተሩን አስወጡኝ። ትናንት የታጠበ መሆኑን ነገርኳቸው። «እናየዋለና!» አሉና ያለ ፊልተር ማሽኑን አስነሱት። ዱምታው ጠፋ። ፉጨቱም ወደ ሹክሹክታ ወረደ። ፊልተሩን መልሰን ስናስገባው ሁለቱም ተመለሱ። ይህ ሙከራ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። እናንተም ሞክሩት። ግን ለትንሽ ደቂቃ ብቻ ይሁን። ያለ ፊልተር ከቆየ አቧራው ቀጥታ ገብቶ ውስጥ ያለው የመዳብ ቱቦና የአልሙኒየም ቅጠል ላይ ይለጠፋል። እዚያ የተለጠፈን ቆሻሻ ማውጣት የባለሙያ ሥራ ነው፤ ቀላልም አይደለም።

ታዲያ የታጠበ ፊልተር እንዴት ይዘጋል? ጋሼ ፊልተሩን ወደ በሩ ይዘው ወጡና ወደ ሰማይ አነሱት። «ይታይሻል?» አሉኝ። ወንፊቱ ከሩቅ ንጹሕ ይመስላል። ወደ ብርሃን ሲነሳ ግን መሐሉ ላይ ሰፊ ቦታ ጨለማ ነው። በጣቴ ሳሸው ተጣበቀብኝ። አቧራ ብቻ አይደለም። የዕጣን ጭስና የወጥ ቅባት ነው። አዳራሹ ውስጥ በእያንዳንዱ ዝግጅት ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል። የኩሽናው በርም ከመሳቢያው ሩቅ አይደለም። የዕጣኑ ጥቀርሻና ቅባቱ አንድ ላይ ሆነው ወንፊቱን ይለብሱታል፤ አቧራው ደግሞ እሱ ላይ ይጣበቃል። ልጆቹ ፊልተሩን በቧንቧ ውኃ ብቻ ነበር የሚያጥቡት። ውኃው አቧራውን ያነሳል፣ ቅባቱን ግን ትቶት ይሄዳል።

በኢንተርኔት የሚገኘው ምክር ስለ ውሻ ፀጉርና ስለ ምንጣፍ ብናኝ ነው የሚያወራው። የእኛ ፊልተር ጠላት ሌላ ነው። ዕጣን፣ ከሰል፣ የበርበሬ ቅባት፣ ከኮረት መንገድ ባጃጅ የሚያስነሳው አቧራ፣ ማታ ማታ ደግሞ ከሐይቁ በኩል መብራት ፈልገው የሚመጡት ጥቃቅን ትንኞች። ቤታችሁ ሐይቁ አጠገብ ከሆነ መስኮት ከፍታችሁ መብራት አብርታችሁ ካመሻችሁ በኋላ ፊልተሩን ተመልከቱት። የምን እንደሆነ ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ።

አጠባቡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ማሽኑን በሪሞት ብቻ ሳይሆን በብሬከሩም አጥፉ። ፊልተሩን ስታወጡ አቧራው ያለበት ፊት ወደ ላይ ይሁን፤ አለበለዚያ ግማሹ ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ በደረቁ አራግፉት ወይም በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ላርጎ ጨምራችሁ ዘፍዝፉት። ውኃው እጅ የማያቃጥል ይሁን፤ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ፕላስቲኩ ሊጣመም ይችላል። ስታጥቡት ውኃውን ከንጹሑ ፊት ወደ ቆሸሸው ፊት ልቀቁት። በተቃራኒው ካደረጋችሁት ቆሻሻውን ወደ ወንፊቱ ውስጥ ትጠቀጥቁታላችሁ። በሽቦ አትፈትጉት። አለቅልቁና ወደ ሰማይ አንስታችሁ እዩት። ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር እኩል ካልታየ ድገሙት።

ማድረቅ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የባሕር ዳር ፀሐይ ልብስ በቅጽበት ስለሚያደርቅ ፊልተሩንም ገመድ ላይ መስቀል ያጓጓል። አታድርጉት። ፍሬሙ ይጣመምና ተመልሶ ሲገባ ዳሩ ላይ ክፍተት ይተዋል። አየር ሁልጊዜ ቀላሉን መንገድ ነው የሚመርጠው። በዚያ ክፍተት ሳይጣራ ያልፋል፤ ሲያልፍም ያፏጫል። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት አድርቁት። እርጥብ ፊልተር መመለስም ሻጋታ መጥራት ነው። እኛ ሁለት ፊልተር አለን። አንዱ ሲደርቅ አንዱ ይሠራል። የቸኮለ ልጅ እርጥቡን እንዳያስገባ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም።

በየስንት ጊዜው ለሚለው ቀን ቆርጦ መናገር ይከብዳል። ከጥር እስከ ግንቦት፣ አቧራው በሚበዛበት ጊዜ፣ በየሁለት ሳምንቱ እናጥባለን። ክረምት ላይ አቧራው ስለሚረግፍ በወር አንዴ ይበቃል። ትልቅ ዝግጅት ካለፈ ግን ቀን አንቆጥርም፤ በማግስቱ ይወጣል።

ፊልተሩ ንጹሕ ከሆነ በኋላ ዱምታው በጣም ቀነሰ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም። ጋሼ ወደ መሳቢያው ሄዱ። ፊት ለፊቱ የፕላስቲክ ወንበር እስከ ላይ ተደርድሯል። ወንበሮቹ ዝግጅት በሌለ ጊዜ የሚከመሩት እዚያ ነው። ምንም አላሉም። አንዱን ነጭ ወረቀት መሳቢያው ላይ አደረጉት። ወረቀቱ «ጥብቅ» ብሎ ዳሩን ወደ ውስጥ አጠፈ። ወንበሮቹን አንስተን ሲሞክሩት ወረቀቱ ተያዘ፤ ግን አልታጠፈም። ይህም ነፃ ሙከራ ነው። መሳቢያው ወረቀት መያዝ አለበት። ወረቀት የሚውጥ ከመሰለ ግን ተጨናንቋል።

ቀጥለው ማስወጫዎቹን ቆጠሩ። ከአራቱ ሁለቱ ተዘግተዋል። አስተናጋጆቹ ናቸው የዘጉት። አንዱ የሙሽሮች መቀመጫ ላይ ስለሚነፍስ ቬሎ ያንሳፍፋል፤ ሌላው ምግብ ያቀዘቅዛል ተብሎ። ምክንያታቸው ትክክል ነው። ግን ለአራት ማስወጫ የተሠራ አየር በሁለት ሲወጣ በአንድ በኩል ያፏጫል፣ በሌላ በኩል ዳክቱን ይነፋዋል። ብዙ ቤት የማይጠቀሙበትን ክፍል ማስወጫ ዘግተው ኤሌክትሪክ የቆጠቡ ይመስላቸዋል። በእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ቁጠባ የለውም። ትርፉ ድምፅና የማራገቢያ ድካም ነው። መፍትሔው መዝጋት ሳይሆን የማስወጫውን ቅጠሎች ወደ ሌላ አቅጣጫ ማዞር ነው። የሙሽሮቹን አሁን ወደ ግድግዳው አዙረነዋል፤ ቬሎም አይንሳፈፍም።

የማራገቢያው ፍጥነትም የመጨረሻው ደረጃ ላይ ነበር። የገጠመው ሰው ምክንያት ሳይኖረው አይቀርም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ጠለል ላይ ካለው ከ15 በመቶ በላይ ይሳሳል። ስለዚህ እኩል የሚሽከረከር ማራገቢያ እዚህ የሚያሻግረው አየር ክብደቱ ያነሰ ነው። ፍጥነት መጨመር ይህን ለማካካስ ይረዳል። ነገር ግን የአየር ድምፅ ከፍጥነት ጋር እኩል አይደለም የሚጨምረው፤ እጥፍ ድርብ እያለ ነው። ሲቀንስም እንደዚያው። መንገዱ ሁሉ ከተከፈተ በኋላ በአንድ ደረጃ ዝቅ አደረግነው። ቅዝቃዜው ላይ ለውጥ አላየንም። ፉጨቱ ግን አበቃ።

የቀረችውን ትንሽ «ዱም» ያጠፋናት ላሜራውን በማጠንከር ነው። ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነው የዳክቱ ሆድ ላይ፣ በኮርኒሱ መክፈቻ በኩል እጅ በሚደርስበት ቦታ፣ አንድ የኤል ቅርጽ ያለው ብረት በአጭር ብሎን አሰርንበት። ብረታ ብረት ቤት የጠየቁን ዋጋ ዳክቱን ለመቀየር ከተጠየቅነው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ብሎኑ የግድ አጭር ይሁን። ረጅም ብሎን ዳክቱ ውስጥ ገብቶ አየሩን ይቆርጥና ሌላ ፉጨት ይወልዳል።

የኛ ቤት ታሪክ ይህ ነው። የእናንተ ድምፅ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከጋሼ የተማርኩትንና ኋላ በሌሎች ቤቶች ያየሁትን ልጨምር።

የሚንቀጠቀጥ፣ «ትርርር» የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ ከማስወጫው ሽፋን ነው። ማሽኑ እየሠራ በእጃችሁ ጫን አድርጉት። ድምፁ ከቆመ ብሎኑ ላልቷል። ካቻቪቴ ይበቃል። ብሎኑ ጠብቆም ካልቆመ ከሽፋኑ ጀርባ ቀጭን ስፖንጅ ለጥፉ። በእጅ ስትጫኑ ካልቆመ ወደ ላይ ነው፤ ዳክቱን የተሸከሙት ዘንጎች ናቸው። ዘንጉ ወይም ላሜራው ከኮንክሪቱ ጋር ከተነካካ መንቀጥቀጡ በቤቱ ሁሉ ይሄዳል። እኛ በመሐላቸው የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ አድርገናል። ጎማ ቤት ለምናችሁ ታገኙታላችሁ።

«ሙሙሙ» የሚል፣ ከጆሮ ይልቅ ደረት ላይ የሚሰማ ድምፅ ካለ ማሽኑና ዳክቱ የሚገናኙበትን ቦታ እዩ። በደንብ የተሠራ ከሆነ እዚያ መሐል ላይ የሸራ ማያያዣ አለ። ሸራው የማሽኑ መንቀጥቀጥ ወደ ላሜራው እንዳይሻገር ያደርጋል። ላሜራው ቀጥታ ከማሽኑ ጋር ከተበየደ ወይም ሸራው ከተቀደደ ሙሉው ዳክት አብሮ ይዘምራል። ሸራ ማስገባት ብልሃተኛ ላሜራ ሠሪ የሚችለው ሥራ ነው።

መጋጠሚያዎች ላይ አየር ከሾለከ «ሽሽሽ» ይላል። እጃችሁን በውኃ አርሳችሁ መጋጠሚያው ላይ ብታንሸራሽሩ ቀዝቃዛው ነገር ይነግራችኋል። እዚህ ላይ የጨርቅ ፕላስተር አትጠቀሙ። ኮርኒስ ውስጥ ያለው ሙቀት ሙጫውን ያደርቀዋልና ተላቅቆ ይንጠለጠላል። የአልሙኒየም ፎይል ፕላስተር ነው የሚበጀው። ከመለጠፋችሁ በፊት ላሜራውን በደረቅ ጨርቅ በደንብ ጥረጉት፤ አቧራ ላይ የተለጠፈ ፕላስተር አይቆይም።

«ቧጭ ቧጭ» የሚል የውኃ ድምፅ ካለ ዳክቱን ተዉት። ማቀዝቀዣው ከአየሩ የሚያወጣው ውኃ የሚፈስበት ቱቦ ዝቃጭ ይዞ ተደፍኗል ማለት ነው። ቶሎ ካልተጠረገ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ታያላችሁ። ጂፕሰም ደግሞ ውኃ አይወድም።

ማሞቂያ ስትጀምሩ የሚሰማ «ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ» አያሳስባችሁ። ላሜራው ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ጥቂት ቆይቶ ዝም ይላል። በዓመቱ የመጀመሪያ የብርድ ምሽት የሚሸት የተቃጠለ አቧራ ሽታም ማሽኑ ትንሽ እንደሠራ ይጠፋል። እየቆየ የማይጠፋ፣ የላስቲክ ወይም የሽቦ ሽታ ከሆነ ግን ሳትጠብቁ ብሬከሩን ጣሉት።

የብረት ጩኸት፣ እንደ ጥርስ መፋጨት ያለ፣ ከማሽኑ ውስጥ ከመጣ የማራገቢያው ኩሽኔታ ነው። እዚያ ጋ እጃችሁን አታስገቡ። ይህ የባለሙያ ነው።

ስለ ፊልተር ግዢ አንድ ልበል። የማሽናችሁ ፊልተር ተቀዶ ምትኩ ከጠፋ ሰው የሚያደርገው ሁለት ነገር አለ። አንዱ የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጦ ማስገባት ነው። ይህ አየሩን ያንቃል፤ «ዱም»ታውን ገንዘብ ከፍሎ መግዛት ነው። ሌላው የአጎበር ጨርቅ መወጠር ነው። ትንኝ ይይዛል፣ ደቃቅ አቧራ ግን አይዝም። ለጊዜው ከባዶ ይሻላል፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁበት። አዲስ አበባ በሜትር የሚሸጥ ነጭ የማጣሪያ ጨርቅ አለ። ያንን በአሮጌው ፍሬም ልክ ቆርጦ ማስገባት ያስኬዳል። ጨርቁ ሁለት ፊት አለው። ሳሳ ያለው ፊት አየሩ ወደሚመጣበት፣ ጠንከር ያለው ወደ ማሽኑ ይዙር።

እህቴ ሚኒሶታ ነው የምትኖረው። ይህን ሁሉ በስልክ ስተርክላት ሳቀችብኝ፤ እሷም ቤት «ዱም» የሚል ነገር ነበረና። እዚያ ነገሩ ሌላ ነው። ምድር ቤት ውስጥ ጋዝ የሚያቃጥል ማሞቂያ አለ። ፈርነስ ይሉታል። የበረዶውን ወራት ሙሉ ሞቃት አየር በዳክት እያደረገ በየክፍሉ ይልካል። ፊልተሩ የካርቶን ፍሬም ያለው፣ የታጠፈ ወረቀት የመሰለ ነው። አይታጠብም፤ ይጣላል። 1 ኢንች ውፍረት ያለውን ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ይቀይሩታል።

የፊልተሩ ጥራት ሜርቭ በሚባል ቁጥር፣ ከ1 እስከ 16 ይመዘናል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ይበልጥ ደቃቅ ነገር ይይዛል። እህቴ ለልጇ አስም ብላ ከ8 ወደ 13 ከፍ አድርጋ ነበር። ዱምታው የተጀመረው በዚያ ሳምንት ነው። ቀጭን ፊልተር ላይ ቁጥሩ ሲጨምር አየሩ ለማለፍ ይበልጥ ይቸገራል። ማሽኑና መሳቢያው ለዚያ ካልተሠሩ ከእኛው አዳራሽ ጋር አንድ ሆነ ማለት ነው። በኋላ ባለሙያ ጠርታ 4 ኢንች ውፍረት ያለው ፊልተር የሚይዝ ሣጥን አስገጠመች። ወፍራሙ ብዙ እጥፋት ስላለው አየሩ የሚያልፍበት ስፋት ይበዛል። 13ቱንም አልተወችም፣ ጩኸቱም ቆመ። ከእናንተ መሐል ውጭ አገር ያላችሁ ይህን ያዙ። ፊልተሩ ፍሬም ላይ ያለው ቀስት አየሩ ወደሚሄድበት፣ ማለትም ወደ ማሞቂያው ይጠቁም። ፍሬሙ ላይ የተጻፈው ልክ ከእውነተኛው ትንሽ ስለሚበልጥ አሮጌው ላይ የተጻፈውን አይታችሁ ግዙ። ጋዝ የሚያቃጥል ቤት ውስጥ ደግሞ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ሳይኖር አይታደርም። ፊልተሩ ሲዘጋ ማሞቂያው ከመጠን በላይ ይግልና በራሱ ይጠፋል፤ ተመልሶ ይነሳል፤ ይጠፋል። እንዲህ ሲያደርግ መጀመሪያ ፊልተሩን እዩ።

ወደ እኛው ልመለስ። ኤሌክትሪክ ሲዋዥቅ የሚሰማን ድምፅ ከዳክት ድምፅ ለዩት። ስታብላይዘሩ «ቀጭ ቀጭ» የሚለው ቮልቴጁን ሲያስተካክል ነው፤ ሥራው ነው። ውጭ ያለው ኮምፕሬሰር ግን «እምምም» እያለ ሳይነሳ ከቀረ ወዲያው አጥፉት። ከ220 ቮልት በጣም ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ላይ እየታገለ ከቆየ ይቃጠላል። መብራት ሄዶ ሲመጣም ትንሽ ጠብቃችሁ አስነሱ። ውጭ ያለውን ማሽን ስታዩ ደግሞ ጀርባውን ተመልከቱ። የእኛ ከጃካራንዳ ዛፍ ሥር ነው። አበባው በሚረግፍበት ወር የማሽኑ የአልሙኒየም ቅጠል ሁሉ ሐምራዊ ይሆናል። እሱ ሲደፈን ማራገቢያው ያቃስታል፤ ውስጥ ያለው ሰው ግን ዳክቱን ይጠረጥራል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ድምፁ ካልጠፋ ባለሙያ ጥሩ። ስትጠሩ ግን «ይጮሃል» ብላችሁ አታቁሙ። ሲነሳ ነው ወይስ እየሠራ፣ ከየትኛው ማስወጫ አጠገብ፣ ያለ ፊልተር ስትሞክሩት ምን እንደሆነ፣ ሲያሞቅ ነው ወይስ ሲያቀዘቅዝ፤ ይህን ንገሩት። ዳክቱ በሙሉ ይቀየር ካላችሁ መሰላሉን አቁማችሁ መክፈቻውን ክፈቱለትና የትኛው ቦታ እንደሆነ ወጥቶ በእጁ እየነካ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።